ደወል የሌለው ቤት

(በፊላደልፊያ አካባቢ በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው እንዳለ የተገለበጠ ነው፤ የተቀነሰው ሳልና "እ…እ…" ብቻ ነው።)

የተወደዳችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤና ይስጥልኝ! ሰላም ናችሁ? ከኋላ ይሰማል? እስቲ የሚሰማችሁ እጅ አውጡ። እሺ፣ ጥሩ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የሙያ አመል ሆኖብኝ ነው። እኔን እንደምታውቁኝ የመድረክ ሰው አይደለሁም። የሚክሰር ሰው ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ከጉባኤው ኋላ ቆሜ ሌላውን ሰው "ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት" ሳስብል ነው የኖርኩት። ዛሬ ማይኩ እኔው እጅ ላይ ገባ። ተራ ደረሰ ማለት ነው።

ሽማግሌዎቻችን "አንተ ያንን የሜኖናይቶች የድሮ ቤት አይተኸዋል፣ እስቲ ንገረን" አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሜኖናይት ለማታውቁ፣ የፕሮቴስታንት ወገን ናቸው፤ ታሪካቸው ኋላ ይመጣል። ሦስት ነገር ልበላችሁ አስቤያለሁ። አንደኛ፣ ቤቱ ምን ይመስላል። ሁለተኛ፣ ለምን እንደዚያ ሆነ። ሦስተኛ፣ እኛን ምን አገባን። መሃል ላይ ወሬ ከያዘኝ፣ ጋሽዬ፣ እዚህ ፊት ያሉት፣ ሰዓትዎን ያሳዩኝ።

እንግዲህ ቤቱ።

እዚሁ ፊላደልፊያ፣ ጀርመንታውን አቬኑ ላይ 23 ቁጥር አውቶብስ ይሄዳል። ስንቶቻችሁ በዚያ መንገድ ትመላለሳላችሁ? ብዙ ናችሁ። ስንቶቻችሁ ቤቱን አይታችሁታል? አያችሁ! እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ በፊቱ ስመላለስ አላየሁትም። ይባስ ብሎ ላየው ብዬ በሄድኩበት ቀን ራሱ አለፍኩት። ስልኬ "ደርሰሃል" ይለኛል። ዙሪያዬን ብቃኝ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር የለም። ጉልላት ፈለግኩ፣ የለም። መስቀል ፈለግኩ፣ የለም። ሌላው ቢቀር ደወል አይኖርም? የለም። ያለው ግራጫ የድንጋይ ቤት ነው። ፎቅ የለው፣ ምን የለው። መስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያ አላቸው። ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር አለ፣ ግቢው ውስጥ ጽሑፋቸው የደበዘዘ የመቃብር ድንጋዮች አሉ። ኑሮው ደህና የሆነ ገበሬ ቤት ነው የሚመስለው።

ቤቱ የተሠራው በፈረንጆች 1770 ነው። እኛ አገር አጼ ኢዮአስ ተገድለው ዘመነ መሳፍንት በገባ በዓመቱ መሆኑ ነው። ከሱ በፊት እዚያው ቦታ ላይ በ1708 የተሠራ የግንድ ቤት ነበረ። ሰፋሪዎቹ የመጡት ደግሞ በ1683 ነው፤ ከጀርመን፣ ከክሬፌልድ ከተማ፣ አሥራ ሦስት ቤተሰብ። አብዛኞቹ እዚህ ሲደርሱ ኩዌከር የሚባሉት የክርስቲያን ወገን ነበሩ፤ ዘራቸው ግን ከሜኖናይት ነው። ሌሎች ሜኖናይቶች ተከትለዋቸው መጡ። የመጀመሪያ ሰባኪያቸው ዊልያም ሪተንሃውስ ወረቀት ሠሪ ነበር። በዚህ አገር የመጀመሪያውን የወረቀት ፋብሪካ በ1690 ያቆመው እሱ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወረቀት፣ እሁድ ስብከት።

ወደ ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ ምን የፈለግኩ ይመስላችኋል? ሶኬት! እውነቴን ነው። ዓይኔ ግድግዳ ለግድግዳ ሶኬት ሲፈልግ ያዝኩት። ግድግዳው ነጭ ነው። ወለሉ ሳንቃ ነው። ረጃጅም የእንጨት አግዳሚዎች አሉ። ሥዕል የለም። ባለ ቀለም መስታወት የለም። መሠዊያ የለም። በቃ፣ አየሁ፣ ጨረስኩ።

ከዚያ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። አዲስ አዳራሽ ስገባ ሁልጊዜ አደርጋታለሁ፤ ድምፁ እንዴት እንደሚመለስ ለማወቅ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስታጨበጭቡ ጣሪያው ይመልስላችኋል፣ ለዚህ ነው መጋቢያችን ሲፈጥኑ ቃሉ የሚደራረበው። እዚያ ቤት ግን ጭብጨባዬ "ጧ" አለና ቆመ። ቤቱ ትንሽ ነው፣ እንጨት ነው። አንድ ሰው እንደ ጨዋታ፣ ድምፁን ሳያነሳ ቢናገር ጥግ ያለው ሰው ይሰማዋል። ጥግ ያለው ቢያቃስትም ሰባኪው ይሰማዋል። ይቺን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አምልኮውስ? በዚያ ዘመን ወንዶች ባንድ ወገን፣ ሴቶች ባንድ ወገን ይቀመጣሉ። ይሄ እንኳን ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። ኦርጋን የለም። ይዘምራሉ፣ በድምፅ ብቻ። ለጸሎት ይንበረከካሉ። ሰባኪው ደመወዝ የለውም፤ ገበሬ ነው፣ ሸማኔ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሰባኪ የሚመርጡት ብዙ ጊዜ በዕጣ ነበር። ለታጩት ሰዎች ልክ መጽሐፎች ይደረደራሉ። በአንዱ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አለች። እያንዳንዱ አንዳንድ ያነሳል። ወረቀቷ የወጣችለት ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ሰባኪ ነው! ሚስቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ስታይ አስቡት። ደስታ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ያለቅሱ ነበር ይባላል። እኛ ጋ ደግሞ… ተዉት፣ አልገባም እዚያ ውስጥ።

ቅዱስ ቁርባን ሲወስዱ እግር ይተጣጠባሉ። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ለአንዱ ዝቅ ብሎ። የጸሎተ ሐሙስን ሕጽበተ እግር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ልዩነቱ እዚህ አጣቢው ካህኑ ብቻ አይደለም። ትናንት በወሰን የተጣላህ ጎረቤትህ ነው።

ቤቱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አለ። ተራ ጠረጴዛ ነው። በ1688 አራት የጀርመንታውን ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ማመልከቻ ጽፈው ፈርመዋል። በዚህ አገር በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ውስጥ እንዲህ ያለ የጽሑፍ ተቃውሞ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው። የፈረሙት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ይባላል። ክርክራቸው ቀላል ነው፦ ሌላው እንዲያደርግባችሁ የማትፈልጉትን ለምን ታደርጋላችሁ? ቆዳው ጥቁር ነው ብሎ ሰውን መሸጥ ምንድነው? ማመልከቻው ለኩዌከሮች ስብሰባ ቀረበ። "ይሄ ለእኛ ከባድ ነው" ተብሎ ወደ በላይ ተላከ። በላይ ያሉትም ወደ በላያቸው ላኩት። ቢሮክራሲ የዛሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ! በመጨረሻ ተቀመጠ። ኩዌከሮች አባሎቻቸው ባሪያ እንዳይዙ በፊላደልፊያ የከለከሉት በ1776 ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመት ቆይተው። ዛሬ በዚያ ሰፈር የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከቤቱ ወጥቼ አውቶብስ ስጠብቅ ያ ወረቀት አጠገቤ ስለቆሙት ሰዎች የተጻፈ ነው ስል አሰብኩ። ከእነሱ ጋር የቆምኩት እኔም እንግዲህ በዚህ አገር ያው ጥቁር ነኝ።

ጋሽዬ፣ ሰዓቱን አዩ? ገና ነው? እሺ።

ሁለተኛው፣ ለምን እንደዚያ ሆነ።

ነገሩ የተጀመረው በጥር 1525 በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ከተማ ነው። ጥቂት ሰዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው እርስ በርሳቸው ተጠማመቁ። ሕፃን ሳይሆን አምኖ በራሱ አፍ የመሰከረ ሰው ነው መጠመቅ ያለበት አሉ። ለዚህ ነው አናባፕቲስት የተባሉት፤ ዳግመኛ አጥማቂ እንደማለት። የከተማው ምክር ቤት ይሄን እንደ አመፅ አየው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1527፣ ከመካከላቸው ፌሊክስ ማንዝ የሚባለውን አስረው ሊማት ወንዝ ውስጥ አሰጠሙት። ቅጣቱ ራሱ ሽሙጥ አለበት። ውሃ አይደል የወደድከው? ይኸውልህ ውሃ።

ከዚያ በኋላ የት ተሰበሰቡ? ጫካ ውስጥ። ዋሻ ውስጥ። በሌሊት፣ በገበሬ ጎተራ። ሆላንድ ውስጥ ደግሞ ሜኖ ሲሞንስ የሚባል የካቶሊክ ቄስ በ1536 ክህነቱን ትቶ ተቀላቀላቸው። ስማቸውም ከሱ ወጣ፣ ሜኖናይት። ኑሮው ሁሉ መሸሽ ነበር። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የሚሸሽ ሰው ጉልላት ይሠራል? በሌሊት ጎተራ ውስጥ የሚጸልይ ሰው ደወል ይደውላል?

አምስተርዳም ውስጥ ሲንግል በሚባለው ቦይ ዳር በ1608 የሠሩት ቤተ ክርስቲያን እስካሁን አለ። ከመንገድ ብታዩት መኖሪያ ቤት ነው። ዋናው አዳራሽ ከጀርባ፣ በቤቶች መሃል ተሸጉጧል። በዚያን ጊዜ መንግሥት ጥቂት ለቀቅ አድርጎላቸው ነበር። ጸልዩ፣ ግን ከመንገድ ላይ አትታዩ፤ ነገሩ ይሄ ነው። "አይቼ እንዳላየ ልሁን" የሚባለው ዓይነት ፈቃድ።

ስለዚህ አለመታየት መጀመሪያ የውበት ጉዳይ አልነበረም። የነፍስ ጉዳይ ነበር። እዚህ ድረስ ይገባል።

አሁን የማይገባው ይመጣል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ማን ከለከላቸው? ማንም! ዊልያም ፔን "በእምነቱ ማንም አይነካም" ብሎ ነው የጠራቸው። በ1770 ድንጋይ አላቸው፣ እንጨት አላቸው፣ ጥሩ ግንበኛ አላቸው፣ ገንዘብም አላጡም። ደወል ሰቅለው እስከ ወንዙ ድረስ ቢያሰሙ የሚያስራቸው የለም። ማንም ሳይከለክላቸው ያንኑ ዝቅ ያለ ቤት ሠሩ። ለምን?

እኔ ያገኘሁት መልስ ሁለት ነው። አንዱን ራሳቸው ይናገሩታል። ቤቱን ቤተ ክርስቲያን አይሉትም። የስብሰባ ቤት ይሉታል። ቤተ ክርስቲያን ሰዎቹ ናቸው፤ ቤቱ ዝናብ እንዳይመታቸው ነው። ዝናብ ለመከላከል ጉልላት አያስፈልግም። ሁለተኛውን መልስ እኔ ነኝ የምለው። ሁለት መቶ ዓመት ቀስ ብለህ ስትዘምር ኖረህ፣ አንድ ነገር ትለምዳለህ። አጠገብህ ያለውን ሰው መስማት። ከዚያ ወዲያ ነጻ ነህ ቢሉህም ያቺን አትለቃትም።

ስለ መዝሙራቸው ሳላነሳ ባልፍ የሙያ ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል። በ1530ዎቹ መጨረሻ ፓሳው በሚባል ቦታ በአንድ ግንብ ምድር ቤት የታሰሩ አናባፕቲስቶች እስር ላይ ሆነው መዝሙር ጻፉ። እነዚያ መዝሙሮች በ1564 ታተሙ፤ የሜኖናይት ዘመድ የሆኑት አሚሾች ዛሬም ይዘምሩበታል። መጽሐፉ ላይ ግጥም እንጂ ኖታ የለም። ዜማው እንደ እኛ የቆሎ ተማሪ ትምህርት ከአፍ ወደ አፍ ነው የመጣው። አንዲት አራት አንቀጽ ያላት መዝሙር አለች፣ ሁልጊዜ በሁለተኛነት የምትዘመር። ሃያ ደቂቃ ትፈጃለች። አራት አንቀጽ፣ ሃያ ደቂቃ! እኛ በሃያ ደቂቃ አምስት መዝሙር፣ አንድ ማስታወቂያ፣ የአንድ ነጭ መኪና ታርጋ ቁጥር እንጠራለን።

ነገር ግን፣ ወገኖቼ፣ ዝቅ ያለ ቤት የሠራ ሁሉ ልቡ ዝቅ ያለ እንዳይመስላችሁ። ይሄን ካልነገርኳችሁ ዋሽቻለሁ። በጥቅምት 1777 እዚያው ሰፈር ትልቅ ጦርነት ነበር፣ የዋሽንግተን ጦር ከእንግሊዞች ጋር። አግኒው የሚባል የእንግሊዝ ጄኔራል በመንገዱ ሲያልፍ በጥይት ተመታ። ተኳሹ የተደበቀው የት ነው ይባላል? ከዚያ ከሜኖናይቶች የመቃብር አጥር ጀርባ! ጦር አንነካም ካሉ ሰዎች አጥር ጀርባ። እነሱ አልተኮሱም። አጥራቸው ግን መደበቂያ ሆነ።

ደግሞ ስለ ኮት ልንገራችሁ። አለባበሳቸውም እንደ ቤታቸው ተራ መሆን ነበረበት። ኮቱ ክሳዱ ወደ ውጭ የማይታጠፍ፣ አንገቱ ላይ ቀጥ ያለ። በ1847 በዚሁ በፔንሲልቬንያ ጉባኤያቸው ለሁለት ተከፈለ። ጆን ኦበርሆልትዘር የሚባል አንድ ወጣት ሰባኪ ያንን ኮት አልለብስም አለ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤም ይያዝ አለ። በኮትና በቃለ ጉባኤ! ሌላም ነገር ነበረበት፤ ግን ኮቱ አለበት። ሰው "እኔ እኮ ተራ ነኝ" በሚለው ነገርም ይኮራል። ይሄ የሜኖናይት ብቻ በሽታ አይደለም። "እኛ ጋ ከበሮ የለም" ብሎ በከበሮ ፈንታ ደረቱን የሚመታ ሰው አላያችሁም?

እሺ። ሦስተኛው። የመጣሁበት ይሄ ነው።

እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ። አዳማ በሏት፣ እኔ ናዝሬት እላለሁ፣ ልማድ ነው። ሜኖናይቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለእርዳታ ወደ አገራችን መጥተው ናዝሬት ላይ በጣሊያን ጊዜ የጥጥ መዳመጫ በነበረ ቤት ሆስፒታል ከፈቱ። አክስቴ እዚያ ታክማለች። ስለ ሕክምናው ብዙ አታወራም። የምታወራው ስለ ነርሶቹ ቆብ ነው። "ራሳቸው ላይ እንደ ዓይነርግብ የሳሳች ነጭ ቆብ ያደርጋሉ። ወርቅ የለ፣ ጉትቻ የለ። ድሆች ናቸው ብለን አዝነን ነበር" ትላለች። አሜሪካኖቹን! ያቺ ቆብ ከላንካስተር ነው የመጣችው፣ ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና።

በ1943 ዓ.ም. አሥር ሰዎች ተጠመቁ። ከዚያ መሠረተ ክርስቶስ የሚባለው የቤተ ክርስቲያኑ ስም ወጣ። ስሙ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11። "ከተመሠረተው በቀር ማንም ሌላ መሠረት ሊመሠርት አይችልምና፥ እርሱም ኢየሱስ ክርስቶስ ነው።" ሜኖ ሲሞንስ በሚጽፋቸው መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚያስቀምጣት ጥቅስ ይቺው ናት። ይሄን ያወቅኩ ዕለት ቆሜ ቀረሁ።

በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ዘጋው። ጸሎት ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ገንዘቡን ሁሉ ወሰደ። መሪዎቹን አሰረ፤ ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩ አሉ። ምእመኑ ወደየቤቱ ገባ። አምስት ስድስት ሰው እየሆነ።

አንዱ ቤት የእኛ ነበር። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ቤት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ጎረቤታችን ከቀበሌ ጋር ይሠራል፤ ግድግዳው የጋራ ነው። እናቴ ታዲያ ምን ታደርጋለች? ሰዎቹ ሲመጡ አንዷን እናት፣ እትዬ ነበር የምንላቸው፣ ሙቀጫው ጋ ታስቀምጣቸዋለች። ቡና ይወቅጣሉ። ጎረቤት የሚሰማው ሙቀጫውን ነው። ከሙቀጫው ሥር መዝሙር አለ፣ በሹክሹክታ። እኔ ደጅ ላይ ብይ እጫወታለሁ። ሰው ወደ እኛ ሲዞር "ብዬን ስጠኝ!" ብዬ መጮህ ነው ሥራዬ። አንዳንዴ ብዬን የወሰደብኝ የለም። እየሮጠ የሚመጣ ሰው አየሁና እጮሃለሁ። ውስጥ መዝሙሩ ይቆማል። ሙቀጫው ግን አይቆምም፤ ቢቆም ያስጠረጥራላ! ድም፣ ድም፣ ድም። ለእኔ የመጀመሪያው ከበሮ ያ ሙቀጫ ነው። እትዬ አንድ ቡና ሦስቴ ይወቅጡ ነበር። ዱቄት ሆኖ፣ አመድ ሆኖ፣ አሁንም ይወቅጣሉ።

እኛ ያኔ ጉልላት ነበረን? ኪቦርድ ነበረን? ምን ነበረን? ሲዘጋ 5 ሺህ ገደማ የነበረ ሕዝብ በ1983 ዓ.ም. ሲወጣ ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። በሙቀጫ ሥር!

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። እነሱም ተሸሸጉ፣ እኛም ተሸሸግን። እነሱም ተፈቀደላቸው፣ እኛም ተፈቀደልን። ሲፈቀድላቸው እነሱ ቀስ ብለው ቀጠሉ። ሲፈቀድልን እኛ ምን አደረግን? ስፒከር ገዛን! የማላውቅ እንዳይመስላችሁ፤ የገዛሁት እኔ ነኝ። አንደኛውን ሚክሰር ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ጭኜ ስመጣ ጭኔ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፣ እንደ ሕፃን። አልጸጸትም ደግሞ። አሥር ዓመት በሹክሹክታ የዘመረ ሰው ቢጮህ ምን ይደንቃል? ይጩህ! ሕዝቡ ያኔ ሲያለቅስና ሲዘል ያየ ሰው ድምፁን ቀንሱ አይልም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስሟን በማልጠራት ቤተ ክርስቲያን አንድ እሁድ ሆነ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ኳየሩ ሞቅ ብሏል። እኔም ቮልዩሙን ገፋ ገፋ አድርጌያለሁ። መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ደግሞ እምቢ አለ፣ ነዳጅ የሚሞላው ልጅ ረስቶታል። ልጁ እኔ ነኝ። ያኔ ምን ሰማሁ መሰላችሁ? ምንም! ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከተዘመረው ቃል አንዲት አልቀጠለም። ዝም። ፕላስቲክ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። አንድ ሕፃን "እማዬ ውሃ" አለ። መዝሙሩ የነሱ መስሎን የቆየው የእኛ ነበር። የመድረኩና የእኔ። ሕዝቡ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እኛ እንዘምርለታለን። ማን እንደሚዘምር ማን እንደማይዘምር በዚያ ድምፅ ውስጥ በምን ይታወቃል? እኔ ራሴ ባለሙያው አላወቅኩም።

ይሄን ነገር ለዓመታት ለማንም አልነገርኩም። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላንካስተር ወደ ሚሄድበት የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን እሁድ ወሰደኝ። የእንግዳ ልማድ ነውና ኋላ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴትዮ ተነሡ። ከቦርሳቸው ጣት የምታህል ፉጨት ነገር አውጥተው ፊ አደረጓት። እጃቸውን አነሡ። በቃ። አራት ድምፅ ከየወንበሩ ተነሣ። እጄ፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ ፌደር ፈለገች፣ ያቺን ድምፅ ከፍ ዝቅ የምናደርግባትን የሚክሰር ቁልፍ። ጭኔ ላይ ትንቀሳቀሳለች። ማን ነው ያመጣጠነው? ባሱን ማን ነው ዝቅ ያደረገው? ማንም! ሰው ነው ሰውን ሰምቶ ዝቅ የሚለው። አጠገቤ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከአባቱ ጋር ባስ ሊይዝ እየታገለ ነው፤ ጉሮሮው አልደረሰም፣ ግን አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ ይሞክራል። እኔም ከፈትኩ አፌን። የራሴን ድምፅ ያለ ሪቨርብ፣ ያለ ማስተጋቢያ ማለቴ ነው፣ የሰማሁት ያኔ ነው። ደስ አይልም። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ።

ታዲያ ኪቦርዱን እንጣለው ነው የምለው? አይደለም። እንዲያውም ነገ ሚክሰር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ዘማሪዎቻችንንም እወዳቸዋለሁ፣ ሞኒተር ሲያንሳቸው የሚያዩኝን አስተያየት ጭምር። የላንካስተሩን ነገር ቀድተን እንለጥፍም አላልኩም። እሱ የነሱ ነው፤ እኛ በእስክስታ የምንገባ ሕዝብ ነን። ለሽማግሌዎች ያቀረብኩት አንዲት ነገር ናት። በየእሁዱ አንድ መዝሙር፣ አንድ ብቻ፣ ሁሉን አጥፍቼ። ማይክ የለ፣ ኪቦርድ የለ፣ ፕሮጀክተር የለ። ሽማግሌዎቹ "እንጸልይበት" ብለዋል። "እንጸልይበት" ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን እጠብቃለሁ፤ የኩዌከሮቹ ማመልከቻ ሰማንያ ስምንት ዓመት ነው የጠበቀው።

ሰዓቱ አለቀ? እሺ፣ ይቺን ብዬ ልውረድ።

ከዚያ ቤት የወጣሁ ዕለት አውቶብስ እየጠበቅኩ ለእናቴ በኢሞ ደወልኩላት። ናዝሬት ናት፣ እርጅና ይዟታል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ስልኩን አዙሬ ቤቱን አሳየኋት። "ይሄ የሜኖናይቶች የድሮ ቤታቸው ነው" አልኳት። "ከበሮ የላቸውም፣ ኦርጋን የላቸውም፣ ደወል እንኳን የላቸውም እማዬ። ቀስ ብለው ነበር የሚዘምሩት።"

ዝም አለች። ቤቱን ታያለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፣ እንደዚያን ጊዜው፣ "ጎረቤታቸው ማን ነበር?" አለችኝ።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጥቷል።